በአባቷ ፊት የተረጎመችው ቃል

ሂሻም ከኑሀ ጋር ከሥራ ወሬ ውጪ መነጋገር ካቆመ ሰንበት ብሏል። ጠዋት ጠዋት ዶርዜ ላይ ሲገናኙ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላታል፤ ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ ቧንቧና ስለ ሲሚንቶ ነው። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ሊያርፍ ሲል ወደ ገደሉ ማዶ ይመልሰዋል። ቀድሞ ከዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሀል እሷን ፈልጎ የሚያገኝ ዓይን ነበር። አሁን ምን እንደነካው ሊገባት አልቻለም። እንድትጠይቀው ደግሞ ኩራቷ አልፈቀደላትም።

ኑሀ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የታወቁት የጅምላ ነጋዴ የሀጂ ኸሊፋ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው፣ ወጣት ሳሉ ጅዳ ሠርተው፣ ተመልሰው ከትንሽ ሱቅ የተነሱ ሰው ናቸው። ዛሬ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በከባድ መኪና ያስመጣሉ። ልጃቸው ሱቁን ትወርሳለች ብለው ሲጠብቁ እሷ እዚያው ከተማዋ ውስጥ የውሃ ምህንድስና ተማረች። ያኔ ትንሽ ቅር ብሏቸው ነበር። በኋላ ግን «መሐንዲሷ ልጄ» ማለት ለመዱ፤ ደንበኛ ባይጠይቃቸውም ያነሱት ነበር።

ከሂሻም ጋር ያገናኛት ክለቡ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ አስተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና የጤና ባለሙያዎች ተሰባስበው ያቋቋሙት አንድ የበጎ አገልግሎት ክለብ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ሴቻ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ይሰበሰባሉ፤ ከጊዜያቸውም ከኪሳቸውም እያዋጡ ይሠራሉ። ኑሀ ጸሐፊያቸው ናት። ሊቀመንበሯ ሲስተር አገኘሽ ትባላለች፤ የከተማውን ግማሽ ያዋለደች ጡረተኛ አዋላጅ ነርስ።

ሲስተር አገኘሽ ናይሮቢ ላይ ለተደረገ የክለቦች ስብሰባ ሄዳ ሳለ ከአንዲት ግብፃዊት ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ዶክተር ራኒያ የምትባል የሕፃናት ሐኪም ስትሆን የእስክንድርያው ክለብ ሊቀመንበር ነበረች። በምሳ ሰዓት ሁለቱም ስለ ዓባይ ላለማንሳት ተጠነቀቁ። ሻይ ላይ ግን አነሱት፤ ተከራከሩ፤ አንዷም ሌላዋን አላሳመነች። በመጨረሻ ሲስተር አገኘሽ፣ «ስለ ዓባይ ላንስማማ እንችላለን፤ በቆሸሸ ውሃ ስለሚሞት ሕፃን ግን የምንከራከርበት ነገር የለንም» አለቻት። ዶክተር ራኒያ እጇን ዘረጋች። ሁለቱ ክለቦች እህትማማች የሆኑት እንዲህ ነው።

አርባ ምንጭ ስትመለስ ግን ዜናውን ሁሉም በጭብጨባ አልተቀበላትም። አንድ አባል ተቆጥቶ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ፤ ሌሎቹም የከተማውን አፍ ፈሩ። ሲስተር አገኘሽ ማንንም አልለመነችም። መንግሥታት የያዙት ጉዳይ የመንግሥታት ነው፤ እኛ የያዝነው የሰው ጉዳይ ነው፤ ያልመሰለው ይቅር፤ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

የተመረጠችው ከዶርዜ ከፍ ብላ ያለች የደጋ መንደር ነበረች። ምንጯ ከገደሉ ሥር ናት። ሴቶቹ ጄሪካን አዝለው በጉም መሀል ሽቅብ ይወጣሉ፤ ልጆቹም ትምህርት የሚጀምሩት ደክመው ነው። ሁለቱ ክለቦች ምንጩን አጎልብተው፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፓምፕ ውሃውን ሽቅብ ገፍተው፣ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ኬላው ሊያደርሱ ተስማሙ። ከእስክንድርያ የመጣው መሐንዲስ ሂሻም ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ፊቱ ሁሉ የሚስቅ ሰው።

የመጀመሪያ ቀን ቆጮ በዳጣ አቀረቡለት። ዳጣ የዶርዜ በርበሬ ነው፤ የለመደውንም ያስለቅሳል። ሂሻም አፉን ሞልቶ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ነገር ግን ያስተናገደችውን ሴት እንዳያስቀይም ብሎ ዋጠና ድጋሚ ጎረሰ። ኑሀ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። እሱም አያት። ሁሉም ነገር የተጀመረው ያን ጊዜ ይመስላታል።

በሥራ ቦታ በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። ኑሀ ከአባቷና ከመድረሳ የተማረችው ዓረብኛም ነበራት፤ ቀስ ብሎ ከተናገረ ትሰማዋለች። አንድ ቀን ከገደሉ ሥር ውሃው ከድንጋዩ የሚፈልቅበትን ቦታ እያሳያት በዓረብኛ «ዐይን» አለ። እነሱ ምንጭንም የሰውን ዓይንም እንዲህ ነው የሚጠሩት። በእኛም ቋንቋ የሰው ዓይን «ዓይን» ነው፤ ውሃ የሚፈልቅበትም የምንጭ ዓይን ይባላል፤ አለችው። ሂሻም ቃሉን ደጋግሞ አለው። ከዚያ ምንም ሳይናገር አየት አደረጋትና ጎንበስ ብሎ መለኪያውን አነሳ። ቀኑን ሙሉ ሁለቱም ሥራቸው ላይ አቀረቀሩ። የኑሀ ልብ ግን ከገደሉ አልወጣም፤ እዚያው ውሃው አጠገብ ቀረ።

የመጀመሪያውን ዙር ሥራ ጨርሶ አገሩ በገባ ጊዜ ነው እውነቱ የገባት። ከተማው ባዶ ሆነባት። ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከሄዱት የክለቡ አባላት ኋላ ቆማ ነበር፤ እሱ ግን የተዘረጉለትን እጆች እየጨበጠ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ ፈለጋት። ሲያገኛት ትከሻው ሲላላ አየች። በዚያች ቅጽበት ደስታዋ ሌላ ምስክር አላስፈለገውም።

ሁከቱ የመጣው ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ ነው። አንድ ሰው ሂሻምን ከመለኪያው ጋር ምንጩ ላይ እንደቆመ ፎቶ አንስቶት ነበር። ምስሉ «ግብፆች ምንጫችንን እየለኩ ነው» ከሚል ጽሑፍ ጋር ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ። ጽሑፉ የዶርዜ ውሃ ወደ ዓባይ ይፈስሳል ይላል። ውሃው የሚወርደው አባያና ጫሞ ሐይቆች ወዳሉበት ስምጥ ሸለቆ ነው፤ የጻፈው ሰው ዓባይንና አባያን እንኳ አልለየም። ግን ማን ያንን ያጣራል? የሀጂ ኸሊፋ ሲሚንቶ ለዚያ ሥራ መሄዱ ይታወቃልና ሰው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ መንሾካሾክ ጀመረ። የኑሀና የሂሻም ስምም ተጣምሮ ተነሳ። እናቷ ባህሪያ ከለቅሶ ቤት አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

ሂሻም ዝም ያላት በዚያው ሳምንት ነው።

ፈርቶ ነው፤ አለች ኑሀ ለራሷ። ወይም አገሩ ያሉት ቤተሰቦቹ ሰምተው ይሆናል። ወይም ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረም፤ እኔ ነኝ ለመንገደኛ ዓይን ትርጉም የሰጠሁት። እናቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፉ ሳሉ አይታ አይታት፣ ሰውየው በድሎሽ ነው ወይስ አንቺ ነሽ የበደልሽው ብላ ጠየቀቻት። ኑሀ ማንም ማንንም አልበደለም አለች። ባህሪያ የያዘችውን ነጠላ ጭኗ ላይ አኖረች። እንዲህ ከሆነ አታልቅሺ፤ የእኔ ልጅ ባልተነገራት ቃል አታለቅስም፤ አለቻት። ኑሀም እንባዋን ጠረገች፤ ልቧ ግን አልተጠረገላትም።

የመንደሩ ወጣቶች ቧንቧ የሚቀበርበትን ቦይ ቁፋሮ አስቆሙ። ያን ጊዜ ሽማግሌው አቶ እንድሪያስ ማንም ድንጋይ እንዳያነሳ ከልክለው ጉዳዩ በዱቡሻ ይታያል አሉ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ የሚፋረድበትና የሚታረቅበት የተከበረ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ መዋሸት ጎሜ የሚባል ነውር ነው፤ ጎሜ ደግሞ በተናጋሪው ላይ ብቻ አይቀርም፤ እርሻና ከብት ላይ ሁሉ መዘዝ ያመጣል ተብሎ ይፈራል። ነገሩ የሚመለከተው ሁሉ እንዲመጣ ተጠራ። ሀጂ ኸሊፋም ተጠሩ። አልሄድም ብለው ነበር፤ ሲስተር አገኘሽ ሱቃቸው ድረስ ሄዳ ይዛቸው መጣች።

ጠዋቱ ብርዳም ነበር። ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ገና አልተገፈፈም። ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው በድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወጣቶቹ ከኋላ ቆመዋል። አቶ እንድሪያስ መርቀው ከፈቱ። እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፤ ኑሀ ለሂሻም ትተረጉማለች፤ መልሱን ወደ አማርኛ ስትመልሰው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አጵሎስ ለአዛውንቶቹ በጋሞኛ ያሰማል።

ስለ መለኪያው ተጠየቀ፤ ሂሻም መለሰ። ውሃው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚፈልቅ ሳይታወቅ ፓምፕ እንደማይተከል አስረዳ። ስለ ፓምፑ ተጠየቀ፤ ቁልፉ በመንደሩ ኮሚቴ እጅ እንደሚቀርና ሦስት የመንደሩ ልጆች ጥገናውን እየተማሩ እንደሆነ ተናገረ። ሲስተር አገኘሽም ተነስታ ከዶክተር ራኒያ ጋር የተስማሙትን ሁሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የዚህ አገር ወጣቶች ወደ እስክንድርያ ሄደው እዚያ ካሉ ወጣቶች ጋር እንደሚሠሩ ገለጸች። ሰው ልቡ ትንሽ መለስ አለ። አቶ እንድሪያስ ግን አልጨረሱም። ወደ ሂሻም ዞሩ።

«ልጄ፣ ከዚህ ውሃ ሌላ የምትፈልገው ነገር አለ? ካለ እዚህ ተናገር። ከሄድክ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ እንዳንሰማው።»

ኑሀ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ነገረችው። ሂሻም ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ቀና ብሎ ሙሉ ፊቷን አያት። ከዚያ መልሱን በዓረብኛ መስጠት እንደሚፈልግ ተናገረ። ለምን ብላ ግራ ተጋባች። ወዲያው አስተዋለች፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ከእሷ ሌላ ዓረብኛ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። አባቷ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል።

ሂሻም አዎ፣ የምፈልገው ነገር አለ አለ። እሷም እንዲሁ ተረጎመች። ሜዳው ላይ ጉምጉምታ ተነሳ፤ ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ወደፊት ቀረቡ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል እንድትሰማው እየጠበቀ ቀሪውን ተናገረ።

ኑሀ ፊቷ ሲግል ተሰማት። አባቷን አየች፤ እጃቸው መቁጠሪያው ላይ ቆሟል። ሌላ ነገር ልትል ትችል ነበር። እንድታስተምሩኝ እፈልጋለሁ አለ፣ ተመልሼ ልጎበኛችሁ እፈልጋለሁ አለ ብትል ማን ያውቅባታል? አባቷ ብቻ። እሳቸው ደግሞ ምናልባት ደስ ይላቸዋል።

«ምን አለ?» አሉ አቶ እንድሪያስ።

ኑሀ ሻሿን አስተካከለች። «ከውሃችሁ ጠብታ፣ ከመሬታችሁም ስንዝር አልፈልግም ይላል። የሚፈልገው...» ዓይኗን ከአባቷ ወደ ሽማግሌው መለሰች። «የሚፈልገው እኔን ነው ይላል። ሊያገባኝ። ይህንን ለእኔ ነግሮኝ እንደማያውቅ ይናገራል። አባቴ ዘንድ ሄዶ ጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸውም ወሬው እስኪበርድ ከኋላዬ አንድም ቃል እንዳትነግራት ብለውት ቃል ገባ። ለዚህ ነው ዝም ያለው። ዛሬ ግን አባቴ እዚህ ተቀምጠዋል፤ የተጠየቀውም መዋሸት በማይቻልበት ቦታ ነው ይላል።»

አማርኛ የሚያውቁት መጀመሪያ ተንጫጩ። አጵሎስ በጋሞኛ ሲያሰማ ደግሞ አሮጊቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ኑሀ ምንም አልሰማችም። ያ ሁሉ ዝምታ፣ ያ ሁሉ የተመለሰ ዓይን፣ ለካ ቃል ጥበቃ ነበር። እሷ ፈሪ ስትለው እሱ አባቷን እያከበረላት ነበር። ቆማበት የነበረው ሜዳ ከእግሯ ሥር የቀለለ መሰላት።

አቶ እንድሪያስ ወደ ሀጂ ኸሊፋ ዞሩ። «ሀጂ፣ ዓረብኛ ያውቃሉ ይባላል። ልጅቷ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነው የነገረችን?»

ሀጂ ኸሊፋ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። አንዲት «አይ» ብትወጣቸው ነገሩ ሁሉ እዚያው ይበቃል፤ ሰፈር ያርፋል፤ ልጃቸውም ቤት ትቀራለች። ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ያንሾካሾኩትን ሰዎች አሰቡ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ፣ እያፈረች እንኳ፣ አንዲት ቃል አላጎደለችም። ይህን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አልጨመረችም፤ አልቀነሰችም» አሉ። ድምፃቸው ሜዳውን ሞላው። «ልጁም አልዋሸም። ከኋላዬ እንዳትናገር አልኩት፤ ከፊቴ ተናገረ። ስለ ምንጩ የተወራውን ሁላችንም ሰምተናል፤ እኔም ሰምቼ ፈርቼ ነበር። ቃሉን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው ግን ውሃ ሊሰርቅ አልመጣም።»

ከሴቶቹ ወገን አንዲት አሮጊት ሳቀች፤ ሳቁ ተጋባ። ወጣቶቹ እርስ በርስ ተያይተው ፈገግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ተማከሩ፤ ከዚያም ርጥብ ሳር ይዘው ተነሱና በሁለቱ ወገኖች መሀል አኖሩ። በጋሞ ምድር ሳር ከተቀመጠ በኋላ ጠብ የሚያነሳ የለም። ሥራው እንዲቀጥል ተወሰነ።

አቶ እንድሪያስ ሊመርቁ ከመነሳታቸው በፊት ኑሀን ዓይን ዓይኗን አይተው፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«የእኔን መልስ መጀመሪያ አባቴ ቢሰሙት ይሻላል፤ ግን ጋሽ እንድሪያስ፣ ከፍቶኝ እንዳይመስልዎት» አለች።

ሂሻም ምን እንዳለች አልገባውም። የሳቀውን ሕዝብ አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። ዓይኗን አልመለሰችም። መልሱን በዚያ ውስጥ አነበበው፤ ፊቱም ሁሉ ሳቀ።

ሲመለሱ ሀጂ ኸሊፋ ሂሻምን በመኪናቸው ከፊት አስቀመጡት፤ ኑሀ ከኋላ። ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል ወረዱ። ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ሀጂ መኪናውን አቁመው ወረዱ። ፈራሁ ያሉት ሰፈሩን ብቻ እንዳልነበር ያን ጊዜ ነገሩት። አባት የሚፈራው ርቀትን ነው፤ ልጄ ብትታመም በየት ዞሬ እደርሳለሁ፤ አሉት በዓረብኛ። ሂሻም ሁለቱ ክለቦች በጋሞ ደጋ አምስት መንደሮች ላይ ሥራውን ሊቀጥሉ መስማማታቸውን፣ እሱም እዚሁ ሊቀመጥ መወሰኑን ነገራቸው። ኑሀ ሥራዋን ትታ እንድትከተለው አይፈልግም፤ የወደዳት ሥራዋ ላይ ሳለች ነው።

ሀጂ ኸሊፋ ልጃቸውን ዞረው አዩ። አባ፣ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ እርስዎ ሳይመርቁኝ ግን አላደርገውም አለቻቸው። እሳቸውም ጫሞን አሻግረው አዩ። ከዚያ፣ «እናትህስ? የእሷን ልብ ሳትይዝ የእኔን ይዘህ ምን ይሠራልሃል?» አሉት። ሂሻም አንገቱን ደፋ። እናቱ እስክንድርያ ላይ እያለቀሱ ነበር፤ የዚያ አገር ሰው ልጄን ይጠላብኛል ብለው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲስተር አገኘሽ ስልኳን ይዛ ባህሪያ አጠገብ ተቀመጠች። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ዶክተር ራኒያ የሂሻም እናት ቤት ገብታ ነበር። ሁለቱ የክለብ ሊቃነ መናብርት በስልኩ መስኮት ተያይተው ሳቁና እናቶቹን አስተዋወቁ።

ባህሪያ ከሶላት ዓረብኛ ሌላ አታውቅም። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለች። ሴትዮዋ መለሱላት። ባህሪያ ሰላምታውን ደገመች፤ እሳቸውም ደገሙ። ከዚያ ቃል አለቀባቸው። ተያዩ፤ አንዷ የሌላዋን ፊት፣ ሻሽ፣ የደከመ ዓይን እያየች። በድንገት የሂሻም እናት አለቀሱ። ባህሪያም በአማርኛ፣ ይገባቸው አይገባቸው ሳትል፣ ልጅሽን እንደ ልጄ አደርገዋለሁ፤ እዚህ ቤት ሳይበላ አያድርም፤ እኔም እናት ነኝ አለቻቸው። ዶክተር ራኒያ ትርጉሙን ከሲስተር አገኘሽ ልትጠይቅ ወደ ስልኩ ጎንበስ ስትል ሴትዮዋ በእጃቸው አስቆሟት። መዳፋቸውን ስልኩ ላይ አኖሩ፤ ባህሪያም መዳፏን ከዚህ በኩል አኖረች።

ኑሀ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሂሻም ከግቢው ውጪ ከአባቷ ጋር ቆሞ እንደሚጠብቅ ታውቃለች፤ ልትጠራው ግን አልቸኮለችም። ስንት ጊዜ ይህንን ሰዓት በፍርሃት እንዳሰበችው አስታወሰች። አሁን ፍርሃቱን ፈልጋ አጣችው። በቦታው ሰፊ፣ ጸጥ ያለ ደስታ ነበር፤ የማይጣደፍ፣ ማንንም የማይለምን ደስታ። ወደፊት ብዙ እንደሚያወሩባት፣ ብዙ እንደሚፈትናት ታውቃለች። ይምጣ አለች በልቧ። እኔ እዚህ ነኝ።